የሌባ ምልክቶች

ሥራዬ ለማሽን መጻፍ ነው። እንጅባራ ውስጥ ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ ማሽን የምጠግን ይመስለዋል፤ አንዲት ጎረቤቴ የወፍጮዋ ሞተር አልነሣ ብሏት ጠርታኝ ታውቃለች። ሄጄም አየሁላት። ምን ላድርግ፣ ማስረዳቱ ከመሄዱ ይከብድ ነበር።

እዚህ ግን ማስረዳት አለብኝ። አሁን ኢንተርኔት ላይ ገጽ የሚከፍተው፣ ቅጽ የሚሞላው፣ ኢሜይል የሚያየው ሰው ብቻ አይደለም። ኤአይ የምንለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ሆኖ በሰው ፈንታ ይሠራል። ወኪሉም እንደ ሰው ይታለላል፤ የሐሰት ገጽ ሲቀርብለት የባለቤቱን ፓስወርድ አውጥቶ ይሰጣል። የምሠራለት የባሕር ማዶ ድርጅት ኢንተርኔት በምንከፍትበት ብራውዘር ውስጥ ተቀምጠው እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚጠብቁ መሣሪያዎችን ያወጣል። እኔ ደግሞ ወኪሉ የሚያነበውን መመሪያ እጽፋለሁ፤ ይህ መሣሪያ ምን ይሠራል፣ መቼ ትጠራዋለህ፣ እንዲህ ብሎ ሲመልስልህ ምን ታደርጋለህ የሚለውን።

ከጻፍኋቸው ገጾች አንዱ ዳንግላ ላይ መጻፍ ያስተማሩኝን ሴት ሌባ አሰኛቸው፤ ያውም ስማቸው ያለ ነውር በኖረበት ከተማ፣ በገበያተኛ ፊት። ጥፋቱ የማሽኑ ነው እያልሁ ራሴን ላጽናና ብዙ ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም።

እትዬ እላቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው በታይፕ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። እዚያ ተደርድሮ ከሚጽፈው ሁሉ መካከል ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ኋላ ታይፑ በኮምፒውተር ተተካ፣ ጥላውም ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነ። አሥረኛ ክፍል በጨረስሁበት ክረምት ታይፕ ልማር ተመዝግቤ ገባሁ። ጣቶቼን ያሰለጠኑልኝ በሁለት ሳምንት ነው፤ በቀረው ክረምት ያስተማሩኝ ሌላ ነገር ነበር።

ማመልከቻ አጻፊ ሲመጣ እትዬ እጃቸውን ቁልፉ ላይ አያሳርፉም። ሰውየውን ወንበር ላይ ያስቀምጡና «ማን ነህ? ምን ሆንህ? ምን ይደረግልህ?» ይሉታል። ሦስቱን እስኪመልስ አንዲት ፊደል አይነኩም። ሰውየው ስለ ድንበሩ ሊናገር መጥቶ ስለ ወንድሙ ሚስት ያወራል፣ ስለ ሞተ በሬው ያወራል፤ እሳቸው ይሰማሉ። አማርኛው ሲያጥረው ወደ አውኝኛ ይሻገሩለታል። እኔ ስሰለች ፊቴ ያስታውቃልና «አንች ልጅ» ይሉኛል፤ «ዳኛ ያልጻፍሽለትን አያውቅም። የተውሽው ነገር ለሱ እንዳልተፈጠረ ነው።»

ዛሬ እንጀራ የምበላበት ሙያ ከዚህ አያልፍም። ድርጅቱ ውስጥ ይህንኑ ለማስተማር ወር ሙሉ ስልጠና ሰጡን፤ እኔ ገና ድሮ በአንድ ክረምት ዳንግላ ላይ ጨርሼው ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ሁሉን ነገር ወደ ኢንተርኔት አዞረው። የፈተና ውጤት ቢሉ፣ የፓስፖርት ቀጠሮ ቢሉ፣ የሥራ ምዝገባ ቢሉ፣ ቅጹ ሁሉ ኢሜይል አምጣ፣ ስልክ አምጣ ይላል። በገጠሩ ደግሞ ስልክ የቤተሰብ ነው። ዛሬ አባት ይዞት ገበያ ይወጣል፤ ነገ ልጅ ይዞት ለሥራ ወደ ጫግኒ ይወርዳል፤ ከነጭራሹም ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ ይገባውና ያበቃለታል። ኢሜይል ፓስወርድ ሲጠፋ ማስመለሻ ኮድ የሚልከው በስልክ ነው። ስልኩ ከሌለ ኢሜይሉም የለም። ስለዚህ እትዬ ለሁሉም የራሳቸውን ቁጥር ያስገቡላቸው ነበር። ፓስወርዱን ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ከሰውየው ስም ትይዩ ይጽፉታል። መልስ ሲመጣ በገበያ ቀን ከዚያ ቀበሌ የመጣ ሰው ፈልገው «መልስህ ደርሷል በለው» ብለው ይልኩበታል። ደብተሩ የሚቀመጠው ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን ማንም ነክቶት አያውቅም።

የእኔም የመጀመሪያ ኢሜይል የተከፈተው በእሳቸው ቁጥር ነው። እዚያ ደብተር ላይ ስሜ ነበረ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ይህን ሥራ አገኘሁ። እንጅባራ ላይ ቤት ተከራይቼ፣ በብርዱ ጋቢ ደርቤ፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ሁሉ እሠራለሁ። አለቃዬን ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ አንድ ፊደል ሆኖ ነው የሚቀርበው። ክፉ ሰው አይደለም። መጀመሪያ በጻፍሁት ገጽ ላይ «ገጹን ከመክፈትህ በፊት አድራሻውን ብታጣራ መልካም ነው» የሚል ነበረበት። ያደግሁት እንዲህ እየተባለ ነዋ። አለቃዬ ወኪሉን አስነብቦ ሞከረውና «መልካም መሆኑን አንብቦ፣ ሳያጣራ አለፈ» ብሎ መለሰልኝ። «አትለምኚው፣ እዘዢው። የሚጠራጠርበት ቦታ አትተዪለት።»

ከዚያ ወዲህ አዘዝሁ። እያደር ጣፈጠኝ። ለታላቅ አንገቴን ስደፋ፣ ለባለሥልጣን «እባክዎ» ስል የኖርሁ ሴት፣ «ዝጋ፣ አግድ፣ አትጠይቅ» ብዬ መጻፍ ስጀምር አንድ ነገር ከጫንቃዬ የወረደ መሰለኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ። በደንብ ጮኽሁ። በድርጅቱ ካሉት ጸሐፊዎች ሁሉ ወኪሎች የማይሳሳቱት የኔን ገጾች ሲያነቡ ነው ተባለ፤ ይህንንም ለእናቴ ነግሬ አስመርቄአለሁ።

አንድ ቀን «የሌባ ምልክቶች» የሚል ምዕራፍ ተሰጠኝ። ወኪሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ የሌሎችን ኢሜይል ሰብስቦ የያዘ አጭበርባሪ መኖሩን በምን ይለያል ነው ጥያቄው። የጻፍሁትን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «አንድ ስልክ ቁጥር ከአምስት ለሚበልጡ ሰዎች ኢሜይል ማስመለሻ ሆኖ ካገኘኸው፣ ኢሜይሎቹም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከተከፈቱ፣ ይህ ስርቆት ነው። ሁሉንም ዝጋ። ቁጥሩን አግድ። ለኢሜይል አገልግሎቱ አሳውቅ። ኮምፒውተሩን የያዘውን ሰው አትጠይቅ፤ ሌባ ይዋሻል።»

አለቃዬ ገጹን አነበበና ከዳር በኩል አንድ ጥያቄ ጻፈልኝ። «ይህን የሚያደርግ ሐቀኛ ሰው ሊኖር ይችላል?»

ያንን ጥያቄ ያየሁበትን ሰዓት እስካሁን አልረሳሁትም። ከቀትር በኋላ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እትዬ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ሰማያዊው ደብተር መጣብኝ። መልሱን አላውቅም ነበር ብል ውሸታም ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ ጸሐፊ መሀል መልሱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ግን በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ መብራት ሄዶብኝ፣ ተቋርጬ ስመለስ፣ ከባልደረቦቼ አንዱ «በሻማ ነው እንዴ የምትሠሪው?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሚያናድደኝ የነሱ ሳቅ ሳይሆን የራሴ ነው። እና አሁን ለነዚህ ሰዎች፣ በእኛ አገር ሰው ስልክ የለውምና ፓስወርዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ደብተር ላይ ያስጽፋል ብዬ ልጻፍላቸው? አፈርሁ። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል፤ ያሳደገኝን አሠራር ለሰው ለማሳየት አፈርሁበት። «የለም» ብዬ መለስሁ። አለቃዬም «እንግዲያው እሱኑ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርሁ። «ይህን የሚያደርግ ሐቀኛ ሰው የለም።»

ምስጋና መጣልኝ። ገጹ ለአዲስ ሠራተኞች ምሳሌ ሆኖ ይታይ ተባለ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የእትዬ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ብራውዘር ራሱን በራሱ ሲያድስ ወኪሉንም የእኛን መሣሪያም ይዞ ገባ። እትዬ ደስ ብሏቸው ደወሉልኝ። ዓይናቸው ደክሟልና ቅጽ የሚሞላላቸው መገኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። «ይታመናል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ይመኑት እትዬ፣ ጎበዝ ነው» አልኋቸው። በዚያ ሰዓት ያ ገጽ ትዝ እንኳ አላለኝም። ይህንን ማንም አያምነኝም፤ እኔም አንዳንድ ቀን አላምነውም።

በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ እትዬ ደብተሩን ዘርግተው ወኪሉን «የእነዚህን ሰዎች ኢሜይል በየተራ ክፈትና መልስ የመጣለትን ንገረኝ» ይሉታል። አምስት ከፈተ። ስድስተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ማያ ቀይ ሆነና በአማርኛ ጻፈ፤ አማርኛውንም የተረጐምሁት እኔው ነኝ። ፎቶ ኮፒ ወረፋ የያዘ አንድ ተማሪ ከትከሻቸው በላይ አይቶ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የስርቆት ምልክት ተገኝቷል። ይህን ኮምፒውተር የያዘው ሰው የሌሎችን ኢሜይል ሰብስቧል።»

ስልኬ ሲጮኽ እንጅባራ ገበያ ድንች እየመረጥሁ ነበር። «አንች ልጅ፣ ይኸ ነገር ምን ነካው?» አሉኝ። ድምፃቸው ገና አልተረበሸም ነበር። «ሌባ ይላል። ማንን ነው የሚለው?»

ድንቹን ለሻጯ መልሼ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ። ሚኒባሱ በመንገድ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሰው ለመሙላት ቆሞ ሲዘገይ ረዳቱ ላይ ጮኽሁበት። ምስኪን፣ ምን አደረገኝ።

ስደርስ ኮምፒውተሩን ነካካሁ፣ መሣሪያውን ነቀልሁት። ምን ዋጋ አለው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወኪሉ እንደታዘዘው ለኢሜይል አገልግሎቱ አሳውቆ፣ በእትዬ ቁጥር የተከፈተ ሁሉ ከላይ ተቆልፏል። ደብተሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኢሜይሉን አጣ።

ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ነው። ልጁ በነርስነት ተመርቃ ሥራ አመልክታለች፤ የፈተናው ጥሪ እስከ ዓርብ በዚያ ኢሜይል ይመጣል ተብሎ ነበር። እትዬ የድንበር ክርክሩን ከጻፉለት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቃቸው ሰው ነው፤ በመጣ ቁጥር በጨርቅ ቋጥሮ ግብጦ ያመጣላቸዋል። እትዬ በአውኝኛ ሊያስረዱት ሞከሩ። እሱ ግን በአማርኛ መለሰላቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ ይመስለኛል። «እኔ ምን አውቃለሁ? ኮምፒውተሩ ነው ያለው። የልጄን ስም ከደብተርዎ ላይ ይስጡኝ።»

እትዬ መቀስ አነሡ። የልጅቷ ስም ያለበትን መስመር ከደብተሩ ላይ ቆርጠው ሰጡት። አንድ ሰው ካደረገው ሌላው አይቀርምና ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ሌላው። እስከ ምሳ ሰዓት ደብተሩ ተተልትሎ አለቀ። ማንም አልሰደባቸውም። ቢሰድቧቸው በተሻለ ነበር። ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከትተው፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ ወጡ። የእኔ መስመር ከመጨረሻዎቹ መሀል ነበርና «እንኪ፣ ያንችም አለ» ብለው ዘረጉልኝ። አልወስድም አልሁ። ጠረጴዛው ላይ ተዉት።

ለአለቃዬ ጻፍሁ። ይህን የሚያደርጉ ሐቀኛ ሰዎች አሉ፣ ብዙ ናቸው፣ የት እንዳሉም አውቃለሁ አልሁት። «ቀድሞም አውቅ ነበር» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ በመጨረሻ ሳይኖር ላክሁት። በማግስቱ መለሰ። «በጣም ጥሩ ግኝት። ለሚቀጥለው እትም ይገባል።» ግኝት አለው። የተቆለፉት እንዴት ይሆናሉ ብዬ ብጠይቅ፣ ያ በኢሜይል አገልግሎቱ እጅ ነው፤ የተጎዳው ሰው አቤቱታ ያስገባ አለኝ።

እትዬ አቤቱታውን እኔ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። በሃምሳ ምናምን ዓመታቸው፣ የስንቱን ማመልከቻ የጻፉት ሴትዮ፣ በአጻፊው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ በእሳቸው ቦታ ሆንሁ። ማን ነዎት አልኋቸው። ምን ሆኑ አልኋቸው። ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ያለ አንዳች ምሬት ተናገሩ። ምን ይደረግልዎት ስል ጥቂት አሰቡና «የኔን ተይው» አሉ። «የልጅቷ ኢሜይል እስከ ዓርብ ይከፈትላት። ሌላው ሌባ አለመሆኔ ይጻፍልኝ፣ አትሜ በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

ጻፍሁላቸው። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለበት፣ ያንን ገጽ ማን እንደ ጻፈው።

ዓርብ አለፈ። ልጅቷ ለፈተና ተጠርታ ኖሯል፤ የሰማችው አብረዋት ከተማሩት ተፈትነው ሲመለሱ ነው። አባቷ ከዚያ ወዲህ ዳንግላ ሲመጣ በሌላ መንገድ ያልፋል ይላሉ።

መልሱ የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ለአቤቱታው በእኔ ቁጥር በከፈትሁላቸው ኢሜይል ነው። እትዬ ራሴው መጥቼ እንዳነብላቸው ፈልገው ሳይከፍቱት ጠበቁኝ። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። በሩ ላይ ወረቀት የሚለጠፍበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አዘጋጅተውታል።

ከፈትሁት። የጻፈው ሰው አይደለም፣ ወኪል ነው። እንዲህ ያለው መልስ እንዴት እንደሚዋቀር ስለማውቅ ከመጀመሪያው መስመር ለየሁት። አቤቱታው ታይቷል፣ ተቀባይነት አላገኘም ይላል፤ ከዚያም ምክንያቱን፣ ጥቆማው ሲላክ አብሮ ከተያያዘው የእኛ መመሪያ ጠቅሶ ያስቀምጣል። ጥቅሱ የእኔ ነበር፤ ነጥቡና ሰረዙ ሳይቀር።

«ምን አሉ?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ እንግሊዝኛውን አያውቁትም። ግን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። «ይህ ስርቆት ነው። ሁሉንም ዝጋ። ቁጥሩን አግድ። ኮምፒውተሩን የያዘውን ሰው አትጠይቅ፤ ሌባ ይዋሻል። ይህን የሚያደርግ ሐቀኛ ሰው የለም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምሁላቸው። ማመልከቻ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ነው ያዳመጡኝ።

«አጻጻፉ ግን ጥርት ያለ ነው» አሉ። «አንዲት ትርፍ ቃል የለችበትም።»

መልሱን ዘጋሁት።

«የጻፈው የተማረ ሰው ነው። እኛን ግን አያውቀንም። ቢያውቀንማ እንዲህ ብሎ አይጽፍብንም ነበር፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ አይፈረድበትም። ነው ወይስ አይደለም፣ አንች ልጅ?»

«ነው እትዬ» አልኋቸው። «አያውቀንም።»